ስለ አንዲት የሕፃናት ነርስ የቀረበ ምስጋና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

በቅዱስ ወንጌል ከምናነባቸው የጌታችን ተአምራት መካከል ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ትንሽ ትእዛዝ አለ። የምኵራቡ አለቃ የኢያኢሮስ ልጅ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ብላቴና፣ ሞታ ቤቱ በልቅሶና በዋይታ ተሞልቶ ሳለ ጌታችን አምላካችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ እጇን ይዞ አስነሣት። አባትና እናቷ በድንጋጤና በደስታ መካከል የሚሉት ጠፍቷቸው ቆሙ። ጴጥሮስም፣ ያዕቆብም፣ ዮሐንስም እንዲሁ። በዚያ ሰዓት ልጅቱ ርቧት ይሆናል ብሎ የተናገረ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ጌታ ግን የምትበላው ነገር ይሰጧት ዘንድ አዘዘ። ሞትን የገሠጸ አንደበት ወዲያው ስለ አንዲት ልጅ ምግብ ተናገረ። መምህራን ይህ የሆነው በእውነት መነሣቷን ለማሳየት ነው ብለው ያስተምሩናል፤ ትክክል ነው። እኛ ግን ሌላም ነገር እናይበታለን፤ ይኸውም የታመመ ሕፃን የሚያስታምም ሰው ልቡ ምን መምሰል እንዳለበት ነው።

«እኛ» ስንል የአንድ ቤት ሰዎች ማለታችን ነው፤ አባታችን፣ እናታችን፣ አያታችንና እኛ ልጆቹ። ብዕሩን የያዘው ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ የገባው ነው እንጂ ነገሩ የሁላችንም ነው። አያታችን አጠገብ ተቀምጠው «እንዲህ አይደለም፣ እንዲያ ነው» እያሉ ሲያርሙን አምሽተዋል።

በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ላይ ታናሽ እኅታችን ጉሮሮዋን ታመመች። ዐሥራ አንድ ዓመት አልፏት ወደ ዐሥራ ሁለት ትሄድ ነበር። ትኩሳቱ በአራተኛው ቀን ለቀቃት፤ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ አንድ ጧት ጉልበቷ አብጦ ተነሣች። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ ዳነና ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፤ ከዚያ ደግሞ ክንዷ። ጎረቤት እንደምታውቁት መካሪ አያጣም። አንዱ ብርድ ነው አለ፤ አንዱ በዝላይ ገመድ ተመትታ ነው አለ፤ አንዲት ደግ ሴት ደግሞ እንጥሏን ማስቆረጥ ይሻላል ብለው ቆራጩን ሊጠሩ ተነሥተው ነበር። በየካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት መውጣት አቅቷት በመንገድ ዳር ተቀመጠች። እጃችንን በደረቷ ላይ ብናደርግ ልቧ እንደ ታፈነ ወፍ ይመታ ነበር። አባታችን በጀርባው አዝሎ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። እናታችንም በዚያው ሰዓት «ልጄን ማሪልኝ፣ ጥላ አገባለሁ» ብላ ለእመቤታችን ተሳለች።

በሽታው የሩማቲክ ልብ ሕመም ነው ተባልን። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን በሽታ ማወቅ ይገባናልና ጥቂት እንበልበት። መነሻው ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ተሕዋስ የልጁን ጉሮሮ ያቆስላል። የልጁ ሰውነት ያን ጠላት ለመውጋት ጦር ያዘጋጃል፤ ዳሩ ግን በአንዳንዱ ልጅ ላይ ጦሩ ተሳስቶ ወደ ገዛ መገጣጠሚያውና ወደ ገዛ ልቡ ይዞራል። ይህም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ሲሆን፣ የሚታየውም የጉሮሮው ሕመም ከተረሳ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መገጣጠሚያው አብጦ አብጦ ምንም ምልክት ሳይተው ይድናል። ልብ ግን ምልክቱን ይዞ ይቀራል። ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉት የልብ በሮች፣ ሐኪሞቹ ቫልቭ የሚሏቸው፣ ይጎዳሉ። የጉሮሮ ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ጉዳቱ ይደራረባል። ስለዚህ ልጁ ጉሮሮው ዳግመኛ እንዳይታመም በየሃያ ስምንት ቀኑ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ መወጋት አለበት፤ ያውም ለወራት ሳይሆን ለዓመታት።

መርፌውን የወጋ ያውቀዋል፣ የተወጋም አይረሳውም። መድኃኒቱ ዱቄት ነው፤ በውኃ ሲበጠበጥ እንደ ወፍራም ወተት ይሆናል፤ በቀጭን መርፌ አያልፍም፤ በችኮላ ከተገፋ ሥጋን የሚሰነጥቅ ያህል ያማል። ልጆች ስሙን ሲሰሙ ያለቅሳሉ።

የሕፃናቱን ክፍል ነርስ ያወቅናቸው በዚህን ጊዜ ነው። በአገራችን ልማድ ነርስ «ሲስተር» ትባላለችና እኛም እንዲሁ እንላቸዋለን፤ ስማቸውን እንዳንጽፍ አጥብቀው ለምነውናል። ዕድሜያቸው በእናታችን ዕድሜ ግድም ነው። በመጀመሪያው ቀን ልብ ያልነው አቀራረባቸውን ነው። ወደ አንድ ልጅ አልጋ ሲመጡ ቆመው አይናገሩም። ከአልጋው ጎን ቁጢጥ ይሉና ፊታቸውን ከልጁ ፊት ጋር ያስተካክላሉ። መጀመሪያ የሚነጋገሩት ከልጁ ጋር ነው፤ ከእናቱ ጋር የሚነጋገሩት ቀጥለው ነው። ሌሎቻችን የታመመ ልጅ ስንጠይቅ በራሱ ላይ ተሻግረን «እንዴት አደረ?» ብለን እናቱን እንጠይቃለን፤ ልጁ ግን ተኝቶ ይሰማናል።

የካቲት 24 ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ የመጀመሪያው መርፌ ሊሰጣት ሆነ። እኅታችን ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ «ሲስተር፣ ያማል?» አለቻቸው። እናታችንና አባታችን በአንድ አፍ «አያምም፣ አያምም፣ እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው» አሉ። ሲስተር ግን፣

«አዎ የኔ እናት፣ ያማል። ውሸት አልነግርሽም። ግን በጣም ቀስ አድርጌ ነው የምሰጥሽ፤ ቀስ ሲባል ሕመሙ ያንሳል። አንቺ እስከ ስልሳ ትቆጥሪልኛለሽ። ስልሳ ሳይሞላ ከተቻኮልኩ ተቆጪኝ» አሏት።

ያቺን ትንሽ ብልቃጥ በመዳፋቸው ጨብጠው ይዘው እያጫወቷት ቆዩ። ለምን እንደ ሆነ በኋላ ነው የገባን፤ መድኃኒቱ ከማቀዝቀዣ የወጣ ስለ ሆነ በእጃቸው ሙቀት ብርዱን እያበረዱላት ነበር። ከዚያም መርፌው የሚገባበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ለጥቂት ጊዜ ጫን አድርገው ያዙት፤ ይህም ሕመሙን ያደነዝዘዋል። እኅታችን እያለቀሰች ቆጠረች። ሃምሳ አራት ላይ ስትደርስ አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ከማንም ይልቅ እርሳቸውን ታምን ነበር፤ እናታችንን እንኳ «አንቺ አያምም ብለሽኝ ነበር» ትላት ነበር።

የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነንና በዚህ ላይ እናስብበት። ርኅራኄ ማለት ብዙዎቻችን ለስላሳ ንግግር ይመስለናል። ሕፃንን ለማባበል የሚነገር ውሸት ደግሞ በእኛ ዘንድ ኃጢአት ተብሎ አይቆጠርም። ነገር ግን ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ መከራ እንደሚያገኛቸው ሳይሸሽግ ነግሯቸዋል፤ ብቻቸውንም እንደማይተዋቸው ነግሯቸዋል። ሁለቱን ነው የነገራቸው። ያማል፤ እኔ ግን ከአንቺ ጋር ነኝ። የሲስተር ርኅራኄ እንደዚህ ያለ ነበር፤ እውነቱን ከነገሩ በኋላ ልጁን ትተው አይሄዱም።

ከእኅታችን አልጋ ፊት ለፊት ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ ተኝቶ ነበር። አባቱ ገበሬ ነው፤ አማርኛ አይሰማም ነበርና ሲስተር በኦሮምኛ ያነጋግሩታል። ሲስተር አንድ ቀን እናታችንን ወደ ኮሪደር ጠርተው፣ «እኅቴ፣ ምሳ ዕቃሽን ስታመጪ ትንሽ ጨመር አድርጊ፤ ያ ሰው ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፤ ከእኔ ሲሆን ያፍራል፣ ከአንቺ ግን ይቀበላል» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አስታማሚዎች ቋንቋ ለቋንቋ ሳይግባቡ ከአንድ ምሳ ዕቃ በሉ። ልጁ ግን አልተረፈም። በአንድ ሌሊት፣ ሲስተር ተረኛ በነበሩበት፣ ዐረፈ። እናታችን ያየችውን ነው የምንጽፈው። ሲስተር ልጁን በእጃቸው አጥበው በነጭ ጨርቅ አስተካክለው ሸፈኑት፤ ከአባቱም ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብለው ብዙ ሰዓት ምንም ሳይናገሩ ቆዩ። ሊነጋጋ ሲል ኮሪደሩ መጨረሻ ካለው ቧንቧ ፊታቸውን ሲታጠቡ እናታችን አየቻቸው፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ከዚያም ቴርሞሜትራቸውን ይዘው ወደ እኅታችን አልጋ መጡና ቁጢጥ ብለው «እንዴት አደርሽልኝ?» አሏት፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር።

ጌታችን በአልዓዛር መቃብር ፊት እንባውን ማፍሰሱን ስናነብ፣ ሊያስነሣው እያወቀ ለምን አለቀሰ ብለን እንጠይቃለን። ይህንን ጥያቄ ለመመለስ የሊቃውንትን ትርጓሜ መመርመር መልካም ነው። እናታችን ግን ያን ሌሊት ያየችው እንደሚበቃት ትናገራለች።

እኅታችን ከአምስት ሳምንት በኋላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር በቀን ቆጠራ ላይ የተመሠረተ ነው። ሲስተር ካርዷ ላይ የቀጠሮውን ቀን ሲጽፉ አያታችን ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል ማለት ነው» አሏቸው። እውነት ነው። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን፣ የመርፌው ወር ደግሞ ሃያ ስምንት ቀን ስለ ሆነ፣ የካቲት 24 ብሎ መጋቢት 22፣ ሚያዝያ 20፣ ግንቦት 18፣ ሰኔ 16፣ ሐምሌ 14፣ ነሐሴ 12 ይውላል፤ ሁልጊዜም ሐሙስ ነው። በጳጉሜን ብቻ ስሌቱ ይሰበርና ሰባት ቀን ወደ ኋላ ሸሽቶ መስከረም 5 ላይ ያርፋል። አያታችን ማንበብና መጻፍ አልተማሩም፤ የመርፌውን ቀን ግን ከበዓላት ጋር እያያያዙ ይዘውታል፤ አንድም ቀን አላሳለፉም።

ነሐሴ 12 የፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። እናንተም እንደምታውቁት ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ እኩዮቿ ሁሉ ይጾማሉ፣ ቅዳሴ ያስቀድሳሉ። በዐቢይ ጾም ተኝታ ስለ ነበር እኅታችን ቅር ብሏት ቆይታ፣ አሁን ግን «ተሽሎኛል፣ እጾማለሁ» አለች። ያን ዕለትም ምንም ሳትቀምስ ወደ መርፌው ሄደች። ሲስተር ካርዷን ተቀብለው «ምን በላሽ?» አሏት። ዝም አለች። በባዶ ሆድ ሲወጉ የሚደክሙና ራሳቸውን የሚስቱ ልጆች ስላሉ ሲስተር ይህን ሳይጠይቁ አይወጉም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ነገር ያደርግ ነበር ብለን እናስባለን። ወይ «የምን ጾም ነው ለበሽተኛ!» ብሎ ይቆጣል፤ ወይ ደግሞ «የራሷ ጉዳይ ነው» ብሎ ወግቶ ያሰናብታታል። ሲስተር ግን ቁጢጥ ብለው፣ «ለእመቤታችን ብለሽ የያዝሽውን እኔ አላስፈታሽም። የንስሐ አባትሽን እንጠይቃቸው። እርሳቸው እስኪመልሱልን መርፌውን ይዤ እጠብቅሻለሁ» አሏት። አባታችን ስልክ ደወለላቸው። የንስሐ አባታችን ቅዳሴ ገብተው ስለ ነበር ሳያነሡ ቀሩ። ሲስተር ሌሎቹን ልጆች እያስተናገዱ ጠበቁ። ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎ ካህኑ መልሰው ደወሉና፣ ሕመምተኛ ከጾም ነጻ እንደ ሆነ፣ መድኃኒት መውሰድም ጾምን እንደ ማፍረስ እንደማይቆጠር ነገሯት፤ ደግሞም «ቶሎ ብዪ ብዪ፣ ሲስተርን አታስቁሚያቸው» አሏት። ሲስተር ከመሳቢያቸው ዳቦ አወጡ፤ በፔርሙዝ ከያዙት ሻይም ቀዱላት። ለራሳቸው ያመጡት እንደ ነበር ግልጽ ነው። እኅታችን በልታ ስትጨርስ ብልቃጡ በመዳፋቸው ሞቆ ነበር። እኛም ያን ቀን ማታ ከማርቆስ ወንጌል የኢያኢሮስን ልጅ ታሪክ አነበብን።

እንግዲህ ወደ ምስጋናው እንምጣ። በየካቲት 16 ቀን 2015 ዓ.ም. እናታችን ስለቷን አገባች። ጥላው በእልልታ ገባ፤ እኅታችንም ዳገቱን በእግሯ ወጣች። ማታ ቤት ተሰብስበን ሳለን አያታችን «ለእመቤታችን ስለቷን ሰጠን። ለሲስተርስ ምን እንሰጣለን?» ብለው ጠየቁ። በዚህ ጥያቄ ላይ በቤታችን ክርክር ተነሣ።

ከዘመዶቻችን አንዱ «ያዳነ እግዚአብሔር ነው፤ ሰውን ማመስገን የእርሱን ክብር መቀነስ ነው» አለ። ይህን አሳብ ከአንዳንድ ወጣቶችም እንሰማዋለን፤ መንፈሳዊ ይመስላል። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዘናል፤ ምክንያቱንም ሲነግረን ሐኪሙን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ መሆኑን ይገልጻል። ባለሙያውን ማክበር ላኪውን ማክበር ነው ማለት ነው። በኦሪት ዘፀአትም የዕብራውያንን ሕፃናት ከሞት ያዳኑ ሁለት አዋላጆች አሉ፤ ስማቸው ሲፓራና ፉሐ ተብሎ ተጽፏል። የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ያ መጽሐፍ ሕፃናቱን ሊያስገድል ያዘዘውን ፈርዖን በስሙ አልጠራውም፤ ንጉሡ ስም የለውም፣ አዋላጆቹ ግን ስም አላቸው። በዘፍጥረትም የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ ስትሞት በቤቴል በታች ከዛፍ ሥር መቀበሯና የዛፉም ስም በልቅሶው መጠራቱ ተጽፏል። የርብቃ የራሷ ሞት በዚያ ስፍራ አልተተረከም። ሕፃን ያሳደጉና ያስታመሙ እጆች በእግዚአብሔር ዘንድ እንዲህ ይቆጠራሉ።

ሌላው ዘመዳችን ደግሞ «ደመወዝ ይከፈላቸው የለም ወይ? ሥራቸው ነው» አለ። ይህ ይበልጥ አሳሰበን። የደጉ ሳምራዊን ምሳሌ ሁላችንም በቃላችን እንይዘዋለን፤ ሳምራዊው ቁስለኛውን አንሥቶ፣ ዘይትና ወይን አፍስሶ፣ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው። በማግሥቱ ግን መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁስሉን ያጠበው፣ ጨርቁን የለወጠው፣ ሌሊት ውኃ ያጠጣው ማነው? የማረፊያው ጠባቂ ነው። እርሱ ደግሞ ሁለት ዲናር ተከፍሎታል፤ የቀረውንም በመመለሻው እንደሚከፍለው ቃል ተገብቶለታል። ጌታ ይህንን ጠባቂ ስለ ተከፈለው አልናቀውም፤ አደራውን የሰጠው ለእርሱ ነው። አባቶቻችን ይህን ማረፊያ በቤተ ክርስቲያን ይመስሉታል። ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ለድኾችና ለሕመምተኞች ትልቅ ማረፊያ ሲያሠራ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን በውስጡ አኖረ። ደመወዝ ሥራን ይገዛል። ብልቃጥን በመዳፍ ማሞቅን ግን የደመወዝ መዝገብ አያውቀውም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። ምስጋናም ደመወዝን አይተካም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ኑሮ እንዳልቻሉ በይፋ ሲናገሩ ሁላችንም ሰምተናል። ነርስን «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ አመስግኖ የልጆቿን ቀለብ አለመጠየቅ፣ ያዕቆብ ሐዋርያ የተራቆተውን «ሂድና ሙቅ» የሚሉትን የገሠጸበት ነገር ይመስለናል።

ስለዚህ አባታችን ጥቂት ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ሊሰጣቸው አሰበ፤ እናታችንም ነጠላ ልትጨምርበት። ሲስተር ፖስታውን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። አልተቆጡም፤ ነገር ግን የተናገሩትን አንረሳውም። «ከእናንተ ብቀበል፣ ነገ የሚመጣውን ሰው እጁን አያለሁ። ያ ገበሬ በባዶ እጁ ነበር የመጣው» አሉ። ነጠላውንም መለሱ። አያታችን ግን በዋዛ የሚሸነፉ አይደሉምና በሚቀጥለው ሐሙስ ድፎ ዳቦ ጋግረው በቅርጫት ተሸክመው መጡ። «ይህ ጉቦ አይደለም ልጄ፣ ዳቦ ነው» አሉ። ሲስተር ሳቁ፤ ተቀበሉም። ከዚያ ቢላዋ አስመጥተው ቆራርሰው በክፍሉ ላሉት አስታማሚዎች ሁሉ አከፋፈሉት፤ ለራሳቸውም ከዳር አንዲት ቁራሽ ወሰዱ።

ከእኛ መካከል ስለ ነርስነት ሙያ የሚያስቡ እኅቶችና ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። ከዘመድ ወዳጅ «ሐኪም መሆን እየቻልሽ ለምን ነርስ?» የሚል ቃል እንደሚሰሙም እናውቃለን። ስለዚህ ከአገራችን ታሪክ አንዲት የሕፃናት ነርስ እናስታውሳቸው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ አገራችን በጠላት በተወረረች ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነትን ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመረቁ። የንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ የሰው ልጅ ሽንት ጨርቅ መለወጥንና ሌሊት ተረኛ መሆንን ግን አልናቁም። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ነሐሴ ወር፣ በነቀምቴ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር፤ ይህን ጽሑፍ ከምናነበው ከብዙዎቻችን ዕድሜ ጋር አንድ ነው። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሎ የሚታወቀው ነው። በዚያ የሚያልፍ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን ስንት ጊዜ አልፈናል! የአንዲት ወጣት ነርስ መታሰቢያ መሆኑን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ዐሥሩን ለምጻሞች ጌታ ሲፈውሳቸው ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ባዕድ ነው። የቀሩት ዘጠኙ ክፉዎች ነበሩ ብለን አናስብም። ምናልባት ወደ ቤታቸው፣ ወደ ልጆቻቸው ቸኩለው ይሆናል፤ የዳነ ሰው ብዙ የሚያደርገው ነገር አለው። ተመላሹ ግን መንገዱን ወደ ኋላ መሄድ ነበረበት። እኛ በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፤ በየሃያ ስምንት ቀኑ ለመመለስ እንገደዳለንና። እኅታችን አሁን ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከልቧ በሮች አንዱ ጥቂት ያስተላልፋል፤ ሐኪሞቹ ግን እንዳልባሰባት ይናገራሉ። መርፌው ገና ለብዙ ዓመታት፣ ሃያ ዓመት እስኪያልፋት ድረስ ይቀጥላል። አሁን እስከ ስልሳ የምትቆጥረው እርሷ ሳትሆን፣ ከእርሷ በኋላ የመጡ ትንንሽ ልጆች እጅ ለእጅ ይዛቸው አብራቸው ትቆጥራለች። ሲስተር ይህን ሥራ ሰጥተዋታል።

በመጨረሻ እናታችን «እንግዲያው ምን እናድርግልዎ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሲስተር ሁለት ነገር ለመኑ። የመጀመሪያው፣ ስመ ክርስትናቸውን ለካህን ሰጥተን በጸሎት እንዲታሰቡ ነው። ይህን አድርገናል፤ የንስሐ አባታችን ያስቡላቸዋል፤ እናንተም «የዚያችን ሆስፒታል ነርስ» ብላችሁ ብታስቡ እግዚአብሔር ስማቸውን ያውቀዋል። ሁለተኛው ልመናቸው ይህ ነው፦ «የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አሏችሁ አይደል? ንገሩልኝ።»

እነሆ ነገርናችሁ። ትንሽ ወንድም ወይም ትንሽ እኅት ያላችሁ ሁሉ፣ ልጁ ጉሮሮውን ታምሞ ትኩሳት ካለው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ መድኃኒት ከታዘዘለትም ተሽሎታል ብላችሁ ከመንገድ አታቋርጡበት። እንጥል ማስቆረጥ ይህን በሽታ አይከላከልም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ቁስል ያመጣል። የልጁ መገጣጠሚያ እየተዘዋወረ ካበጠ ወይም ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ካጠረው ቀን አትቁጠሩ። ጠበል የምታጠጡም አጠጡ፤ ሲስተር ራሳቸው «ጠበሉንም ጠጪ፣ ሐሙስንም አታስቀሪ» ነው የሚሏት። በየሃያ ስምንት ቀኑ መርፌ የሚወጋ ልጅ በሰፈራችሁ ካለና አስታማሚ የሌለው ከሆነ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን በጎ አድራጎት ክፍል አሳውቁ፤ እናታችንና አያታችን አብረው ሊሄዱለት ፈቃደኞች ናቸው። ከመሄዱ በፊት ቁርሱን መብላቱን ግን ጠይቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።